አስሜ አልለቀቀኝም፤ ግን እሮጣለሁ

መድኃኔ ዓለም ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። አስም አለብኝ። ዛሬም አለብኝ። ግን እዚሁ ደሴ፣ በዚህ ብርድና ዳገት እሮጣለሁ። ለሌላው ሰው ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔና ለእናቴ ግን ስንት ሌሊት ያለቀስንበት ጸሎት መልስ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ጠዋት ማዶ ያለው ቤት አይታይም። ሰው ሲሮጥ በአፉ ይተነፍሳል። ቀዝቃዛው አየር አፍንጫ ውስጥ ሳይሞቅ በቀጥታ ደረት ይገባል። አስም ያለበት ሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ያን ጊዜ ይደርቃል፤ ይጠብባል። ከዚያ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። ልጅ ሆኜ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የልጆቹን ሹራብ ታቅፌ ዳር የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

የሚብሰው ሌሊት ነው። ሲነሳብኝ እናቴ ትራስ ደራርባ ታስደግፈኝና ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። "መድኃኔ ዓለም፣ የኔን ትንፋሽ ወስደህ ለሷ ስጣት" ትላለች። ጎረቤታችን ያሉት ሙስሊም እናትም ሳሌን በግድግዳው ይሰማሉ። ሲነጋ "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ዱዓ አድርገንልሻል" ይሉኛል። ቡና ሲያፈሉ እኔ ካለሁ ዕጣን አያጨሱም። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ ዕጣን! ይህን ውለታ መቼም አልረሳውም።

በመጨረሻ እናቴ ተሳለች። "ልጄ እንደ እኩዮቿ ከሮጠችልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ፤ እሷም ያደረግክላትን ለሰው ትናገራለች" አለች።

መልሱ የመጣው በአንዲት ሲስተር በኩል ነው። ደረቴ ታፍኖ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ባለሙያ "ሩጫን እርም በይ" ብሎኝ እንደነበር ነገርኳት። ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። "መጀመሪያ አስሙን እንቆጣጠረው። ከዚያ ትሮጫለሽ" አለችኝ። እናቴ እዚያው አማተበች።

ያስተማረችኝን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ፓፉ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ሁለት ዓይነት ነው። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ የውስጡን እብጠት ግን አይነካውም። እብጠቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው። ደህና ቢሆኑም ባይሆኑም በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ይወሰዳል። ከተሳበ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ሳልቡታሞልን ብቻ ይዞ መኖር ጣራው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ቀጥላ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አመጣች። ሽቦ አግላ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀደደችው። ፓፉን እዚያ ሰካች፤ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሬ አስያዘችኝ። "አናውጪው። አንዴ ተጫኚ። ቀስ ብለሽ ሳቢ። ያዢው" ትለኛለች። መድኃኒቱ ጉሮሮዬ ላይ መቅረቱ ቀርቶ ደረቴ ድረስ ሲወርድ ተሰማኝ። እንዲህ ያለውን ጥበብ የሰጣት እግዚአብሔር ይክበር።

የየቀኑን መድኃኒት በሥነ ሥርዓት ከወሰድኩ በኋላ ሌሊቱ ጸጥ አለ። ያኔ ለመሮጥ ፈቀደችልኝ። ከሩጫው 15 ደቂቃ ያህል በፊት ሳልቡታሞሉን ሁለት ጊዜ ተጭኜ እስባለሁ። ከዚያ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ሶምሶማ እላለሁ። አየሩ እንዲሞቅልኝ አፌን በሻርፕ እሸፍናለሁ። ጉሙ ሳይገፈፍና ፀሐይ ሳትወጣ አልነሳም። ከኮምቦልቻ ሽቅብ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ጭሳቸውን በሚለቁበት መንገድ ዳርም አልሮጥም። ጉንፋን ከያዘኝ ወይም ሌሊት ከሳልኩ ያን ቀን ሩጫ የለም። ፓፉ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። ደረቴ ከጠበቀ አቆማለሁ፤ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እስባለሁ። ካልተሻለኝ ወደ ጤና ተቋም ነው፤ እቤት ተኝቶ መጠበቅ የለም።

መጀመሪያ የሮጥኩት ሆጤ አካባቢ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ዳር ቆማለች። ስጨርስ ወዲያው ወደ ቤት አልሄድንም። አስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ካቆሙ በኋላ፣ በአምስት አሥር ደቂቃ ውስጥ ነውና ጠበቅን። ከዚያ እንደ ሌሊቱ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች። ቆየች። "ምንም የለም! ምንም የለም!" ብላ መንገድ ላይ እልል አለች።

አንዳንድ ሰው "እምነት ካለሽ ፓፉን ጣይው" ይለኛል። ይህን ስሰማ ያመኛል። አስም ይገድላል። ጸበሌን እጠጣለሁ፤ መድኃኒቴንም እስባለሁ። ንስሐ አባቴም "ሐኪሙን የሰጠሽ ማን ሆነና?" ነው ያሉኝ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም እኮ አስም አለበት። በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ አየር ይጎዳኛል ብሎ የኦሊምፒኩን ማራቶን ትቶ 10,000 ሜትር ሮጠ። በመስከረም 2001 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ራሱን ስለጠበቀ ማን እምነት ጎደለው ይለዋል?

አሁንም ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዕጣኑ እንዳያፍነኝ ነፋስ ካለበት በኩል ነው የምቆመው። እናቴ ጃንጥላውን ለመድኃኔ ዓለም አስገብታለች። የቀረው የኔ ስለት ነበር፤ ይኸው ተናገርኩ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።