በትክክል ሲመታ የሚከሽፍ ቶርፔዶ

ጁላይ 24 ቀን 1943 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ቲኖሳ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በፓስፊክ ውቅያኖስ ካሉት የትሩክ ደሴቶች በስተምዕራብ አንድ ግዙፍ የጃፓን መርከብ አገኘች። ቶናን ማሩ ቁጥር 3 ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዓሣ ነባሪ እየበለተ ዘይት የሚያወጣ ተንሳፋፊ ፋብሪካ ነበር፤ በጦርነቱ ነዳጅ ማመላለሻ ሆኗል። ከ19,000 ቶን በላይ ነው፣ አጃቢም አልነበረውም። የቲኖሳ አዛዥ ላውረንስ ዳስፒት መጀመሪያ አካባቢ ከተኮሳቸው ቶርፔዶዎች (ውኃ ውስጥ በራሳቸው ሞተር እየሄዱ መርከብ የሚመቱ ፈንጂዎች ናቸው) ሁለቱ መርከቡን በስተኋላ በኩል ገደድ ብለው መቱትና ፈነዱ። መርከቡ ቆመ።

ቆሞ የቀረ ዒላማ ማለት ለሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የተቆረሰ እንጀራ ነው። ዳስፒት 800 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመርከቡ ጎን ልክ በ90 ዲግሪ ቦታ ያዘና አንድ በአንድ መተኮስ ጀመረ። እያንዳንዱ ከመተኮሱ በፊት ይፈተሻል፤ ከዚያ በፔሪስኮፕ፣ ከውኃ በላይ በሚያሳየው ቱቦ፣ መስመሩን ይከተለዋል። ቶርፔዶው ይሄዳል፣ ጎኑን ይመታል፣ ውኃ ይረጫል፣ ዝም። ሌላ፣ እንደገና ዝም። እስኪመሽ 15 ቶርፔዶ ተኩሶ መርከቡ እንደተንሳፈፈ ነው። አንድ ቀርቶት ነበር። እሱን አልተኮሰውም፤ ፈትተው እንዲያዩት ሃዋይ ወዳለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር፣ ወደ ፐርል ሃርበር፣ ይዞት ተመለሰ።

ቶርፔዶው ማርክ 14 ይባላል። ርዝመቱ 6 ሜትር ከሩብ፣ ውፍረቱ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። አልኮል በታመቀ አየር ይነድድበታል፤ እሳቱ ላይ ውኃ ይረጭና እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። በከፍተኛ ፍጥነት 46 ኖት ይሄዳል፣ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አፍንጫው ውስጥ 290 ኪሎ ያህል ፈንጂ አለ። የአንዱ ዋጋ በዚያን ጊዜ ዋጋ 10,000 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ከሰላሙ ጊዜ ጀምሮ በእውነተኛ ፈንጂ እየሞከሩ ለማጥፋት እጅ ያጠረውም አንድም በዚህ ነው።

ችግሩ በቲኖሳ አልተጀመረም። ጦርነቱ ከተከፈተ ጀምሮ አዛዦቹ «መታሁ፣ አልፈነዳም» እያሉ ይጽፉ ነበር። ከባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያ ቢሮ የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ አልሞ መተኮስ አትችሉም፣ አያያዝ አታውቁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህንን። ቶርፔዶውን የነደፈውና የሚፈትነው አንድ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ከባሕር የሚመጣው ሪፖርት የተኳሹ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

መሣሪያው አንድ ጉድለት ብቻ ቢኖረው ቶሎ ይታወቅ ነበር። ሦስት ነበሩት፣ አንዱ ደግሞ ሌላውን ይሸፍናል።

የመጀመሪያው ጥልቀት ነው። የሰርጓጅ መርከቦች አዛዥ የነበረው አድሚራል ቻርልስ ሎክዉድ ጁን 1942 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ አልባኒ ወደብ፣ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ባሕር ውስጥ አስዘርግቶ አስተኮሰበት። 3 ሜትር ላይ እንዲሄድ የተሞላው ቶርፔዶ መረቡን 7 ሜትር ተኩል ላይ በስቶት ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለፈተና ይገጠምለት የነበረው ባዶ አፍንጫ ከእውነተኛው ይቀላል፤ ጥልቀቱን የሚለካውም ክፍል ጅራቱ አካባቢ፣ ውኃው በፍጥነት ስለሚያልፍ ግፊቱ ዝቅ ብሎ በሚነበብበት ቦታ ተቀምጧል። መሣሪያው ወደ ላይ የወጣ እየመሰለው ራሱን ወደ ታች ይነዳል።

ጥልቀቱ ሲስተካከል ሁለተኛው ብቅ አለ። የማፈንጃው ማግኔታዊ ክፍል የመርከቡን ብረት ከሥር ሲያልፍ «አሽትቶ» ሊያፈነዳ የታሰበ ነበር፤ እሱ ግን ዒላማው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይፈነዳል። የፓስፊክ መርከቦች ሁሉ አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ ጁን 24 ቀን 1943 እንዲነቀል አዘዘ። ልክ በወሩ ቲኖሳ ቶናን ማሩን አገኘችው። አሁን ቶርፔዶው በትክክለኛው ጥልቀት ይሄዳል፣ ያለጊዜው አይፈነዳም፣ ጎኑን ይመታል። ሦስተኛው ጉድለት የሚታየውም ያኔ ብቻ ነው፤ ጎኑን ሳይመታ ማን ያውቀዋል?

ዳስፒት ያመጣው ቶርፔዶ ተፈትቶ ታየ፤ ምንም አልተገኘበትም። የሚጠበቅ ነው። ያልመታ መሣሪያ ሲመታ ምን እንደሚሆን ሊናገር አይችልም። እዚህ ላይ ነው በፐርል ሃርበር የሰርጓጅ መርከቦች ቡድን አዛዥ የነበረው ቻርልስ ሞምሰን፣ ጓደኞቹ «ስዊድ» የሚሉት፣ ሐሳብ ያቀረበው። ቶርፔዶ ጭነን ገደል ላይ እንተኩስ፤ እስኪከሽፍ እንተኩስ፤ የከሸፈውን አውጥተን እንፍታው።

ይህን የሚል ሰው ከየት መጣ ቢባል፣ ሙሉ የሥራ ዘመኑ እንዲህ ነበር። በ1925 ኤስ-51 የተባለች ሰርጓጅ መርከብ በንግድ መርከብ ተገጭታ ስትሰጥም ሞምሰን የእህቷ የኤስ-1 አዛዥ ነበር። ፍለጋ ሄዶ ያገኘው ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት ነው፤ ከሥር ላሉት የሚያወርድላቸው ነገር አልነበረውም። ከ36ቱ ሰዎች 33ቱ አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው የሰጠመ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ወርዶ የሚቀመጥ፣ ሰው የሚያወጣ ደወል መሰል ክፍል፣ የማዳኛ ደወል ያሰበው፤ ንድፉን አለን ማካን ስለጨረሰው ደወሉ በማካን ስም ይጠራል። በሞምሰን ስም የቀረው «የሞምሰን ሳንባ» ነው። ደረት ላይ የሚንጠለጠል የጎማ ከረጢት ነው፤ ኦክስጅን ይሞላል፣ ውስጡ «ሶዳ ላይም» የሚባል ኬሚካል የያዘ ጣሳ አለ፣ የተነፈሱትን የተቃጠለ አየር ያጣራል። አፍ ላይ የሚነከስ ቱቦ፣ ለአፍንጫ መቆንጠጫ። በ1929 ራሱ ለብሶት ከ60 ሜትር በላይ ጥልቀት ወጥቷል። ሜይ 1939 ስኳለስ የተባለች ሰርጓጅ መርከብ 74 ሜትር ላይ ስትሰጥም ጠላቂዎቹን የመራው እሱ ነው፤ በሕይወት የነበሩት 33 ሰዎች በዚያ ደወል በአራት ምልልስ ወጡ። አራተኛው ምልልስ የብረት ገመዱ ተበጣጥሶ ሁሉንም ሊያስቀር ነበር።

ወደ ገደሉ እንመለስ። ሃዋይ ውስጥ፣ ከማዊ ደሴት ማዶ ካሆኦላዌ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ገደሏ ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ወለሉ ቅርብ ነው፣ ጠላቂ ይደርስበታል። ኦገስት 31 ቀን 1943 መስከለንጅ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ሙሉ ፈንጂ የያዙ ቶርፔዶዎችን ገደሉ ላይ ተኮሰች። አንደኛው ፈነዳ። ሁለተኛው ፈነዳ። ሦስተኛው ውኃ ረጨና ዝም አለ።

ሞምሰን ከጠላቂዎቹ ጋር ራሱ ውኃ ውስጥ ገባ። ቶርፔዶው 17 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አፍንጫው ተሰንጥቆ ተጋድሟል። 290 ኪሎው ፈንጂ እንዳለ ነው፤ መፈንዳት ጀምሮ ያቆመ ማፈንጃ ደግሞ በምን እንደሚነቃ አይታወቅም። ጅራቱን በገመድ አስረው ወደ መርከብ አወጡት፣ ወደ ወርክሾፕም ወሰዱት።

ሲከፈት ነገሩ ግልጽ ሆነ። መቺዋ መርፌ ተለቅቃለች፣ ወደ ላይ ተጉዛለች፣ ፈንጂውን የሚቀሰቅሱትን ካፕሱሎችም ነክታለች። ነካቻቸው እንጂ አልመታቻቸውም፤ ጉልበት አጥታለች።

ለምን? ቶርፔዶው በአግድም ነው የሚሄደው። መርፌዋ ግን በሞላ እየተገፋች፣ መሪ ዘንጎቿን ይዛ፣ ከታች ወደ ላይ እንድትመታ ነው የተሠራችው። ጎኑን የተጫኑት መሳቢያ እንዴት እንደሚነክስ ያየ ሰው ይገባዋል። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ነገር በ85 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄዶ የብረት ግድግዳ ላይ ሲቆም፣ መርፌዋ በራሷ ክብደት ወደ ፊት ትጣደፍና ከመሪ ዘንጎቿ ጋር ትጣበቃለች። ሞላው ሰበቃውን አያሸንፍም። ቀድሞ በነበሩት ቀርፋፋ ቶርፔዶዎች ላይ ያው ዓይነት ዘዴ ደህና ይሠራ ነበር። ፍጥነት ሲጨመር ሞላውንና መርፌዋን መልሶ ያሰላ አልነበረም።

አንድ ናሙና በቂ አይደለምና ፈተናውን ወደ ምድር አመጡት። በፐርል ሃርበር አንድ ክሬን አቆሙ። የቶርፔዶ አፍንጫዎች ፈንጂያቸው ወጥቶ በኮንክሪት ተሞሉ፤ እውነተኛው ማፈንጃ ግን ተገጠመባቸው። ከ27 ሜትር ከፍታ በተወጠረ ሽቦ እየተመሩ ወፍራም ብረት ላይ ተለቀቁ። ስሌቱን ማየት ነው፤ ከ27 ሜትር የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ባሕር ላይ ለአንድ ሙከራ አንድ ሙሉ ቶርፔዶ ይጠፋል፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ ብረትና ኮንክሪት ሲጥሉ መዋል ይቻላል።

ውጤቱ ይህ ነው። ብረቱ ልክ ተቃራኒ ሆኖ በ90 ዲግሪ ሲመታ ከአሥሩ ሰባቱ ከሸፉ። ብረቱን 45 ዲግሪ ሲያዘነብሉት ክሽፈቱ በግማሽ ቀነሰ። የቲኖሳ እንቆቅልሽም ተፈታ፤ ገደድ ብለው የመቱት ሁለቱ የፈነዱት፣ በጥንቃቄ በ90 ዲግሪ የተተኮሱት ዝም ያሉት ለዚህ ነው። የሰርጓጅ አዛዥ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚነገረው ደግሞ 90 ዲግሪውን እንዲፈልግ ነው። ከሁሉ ይልቅ የተቀጡት በደንብ የሚያነጣጥሩት ናቸው፤ ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሎክዉድ ባሕር ላይ ላሉት መርከቦች ጥሩውን ማዕዘን ትታችሁ ገደድ አድርጋችሁ ተኩሱ የሚል መልእክት ላከ። የዓመታት ልምድን በአንድ ሬዲዮ መልእክት መገልበጥ ነው። ወርክሾፑ በበኩሉ ቀለል ያለች መርፌ ሠራ፤ ክብደቷ ሲቀንስ ዘንጉ ላይ የምትጫነው ያንሳል፣ ሞላውም ያሸንፋል። ጠንካራና ቀላል ብረት ሲፈለግ የተገኘው በ1941ዱ ጥቃት ፐርል ሃርበር ላይ ከወደቁ የጃፓን አውሮፕላኖች ፕሮፔለር ነው ይባላል። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች ከ21 ወር በኋላ ማለት ነው፤ የተስተካከሉት ቶርፔዶዎች ወደ ባሕር መውጣት ጀመሩ።

ሞምሰን ወዲያው በኦክቶበር ወር ሲሮ፣ ሻድና ግሬይባክ የተባሉ ሦስት መርከቦችን አስከትሎ ወደ ምሥራቅ ቻይና ባሕር ወጣ። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች በቡድን ተደራጅተው ሲያድኑ የመጀመሪያው ነበር፤ ኔቪ ክሮስ የተባለውን ኒሻን የተሸለመውም በዚሁ ነው። በጦርነቱ መጨረሻ የጦር መርከቧ ሳውዝ ዳኮታ አዛዥ ሆነ፤ በ1955 በምክትል አድሚራልነት ጡረታ ወጣ።

ሳንባውም ተራው ደርሶታል። ኦክቶበር 1944 ታንግ የተባለችው መርከብ የመጨረሻ ቶርፔዶዋን ስትተኩስ፣ ቶርፔዶው ዞሮ ራሷን መታት። ይህኛው ማርክ 18 የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ዓይነት ነው፣ ፈንድቷል። መርከቧ 55 ሜትር ላይ አረፈች። ከፊተኛው ክፍል 13 ሰዎች በማምለጫው በኩል ወጡ፤ ሳንባውን ለብሰው በሕይወት የተረፉት ጥቂቶቹ ናቸው።

ቶናን ማሩስ? ወደ ትሩክ ተጎትቶ የነዳጅ ማከማቻ ሆነ፤ ፌብሩዋሪ 1944 የአሜሪካ አውሮፕላኖች እዚያው አሰጠሙት። በ1951 ጃፓኖች ከባሕሩ ወለል አንስተው ጠገኑትና ወደ ዓሣ ነባሪ ሥራው ተመለሰ።