የደም ግፊት ኪኒን ሲረሳ፣ ሲያሳብጥ፣ ሲያስል

ብዙ ሰው የግፊት መድኃኒቱን የሚያቋርጠው «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ነው። ደህና ያደረገው ግን ኪኒኑ ነው፤ ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። በተለይ አቴኖሎልን ወይም ክሎኒዲንን በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ነው፤ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።

በቀን 1 ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ከማይረሳ ነገር ጋር ያያይዙት፤ ለምሳሌ ጥርስ ከመፋቅ ጋር። ከረሱት በዚያው ቀን እንዳስታወሱ ይዋጡት። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተዉት። 2 ደርቦ መዋጥ ግፊቱን ከልክ በላይ አውርዶ ራስ ሊያስት ይችላል።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ ኢናላፕሪል ደግሞ ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም በሌላ መድኃኒት ሊተኩ ስለሚችሉ ለሐኪም ይንገሩ። የሳል ሽሮፕ አይግዙ፤ ያንን ሳል አያቆመውም፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ኪኒኑን ሳይደግም ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። እርግዝና ከታሰበም አስቀድሞ ሐኪም ሊቀይረው ይገባል።

ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፊናክ መልመድ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። መድኃኒት ሲገዙ የግፊት ኪኒን እንደሚወስዱ ለፋርማሲስቱ ይናገሩ።