መጀመሪያ ቁመታቸውን እንለካ

እማማን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ሲያመጧቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ነበር። ከባድ የሳንባ ምች ነው። የመተንፈሻ ቱቦው ገብቷል፤ የሚያስተነፍሳቸው ማሽን፣ ቬንቲሌተሩም ይሠራል። ሞዱ ቮሊዩም ኮንትሮል፣ የአንድ ትንፋሽ መጠን 500 ሚሊ ሊትር። የአየሩ ግፊት 38 ሴንቲ ሜትር ውኃ ደርሷል፤ በየመሃሉ 40ን ሲነካ አላርሙ ይጮኻል። አብራኝ ያደረችው ጀማሪ ነርስ የግፊቱን ጣሪያ ወደ 50 ልታነሳ እጇን ሰደደች።

"ቆይ እስቲ የኔ ቆንጆ" አልኳት። "ጣሪያውን ካነሳሽው ማሽኑ ዝም ይላል። ሳንባቸው ግን እንደተወጠረ ነው።"

በዚህ ሞድ የምናዘው የአየሩን መጠን ነው። "ይህን ያህል ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ ይህን ያህል ጊዜ" እንለዋለን። ማሽኑ ይሰጣል። ሳንባው ደረቀም ለሰለሰም ያዘዝነውን ለማስገባት ይገፋል። የሚለዋወጠው ግፊቱ ነው፤ የሚያቆመውም ያ ጣሪያ ብቻ። እዚያ ሲደርስ ትንፋሹን ይቆርጠዋል። ለዚህ ነው ቮሊዩም ኮንትሮል ላይ ያለ ሰው ጋ ስደርስ ዓይኔ ቀድሞ ግፊቱ ላይ የሚያርፈው።

ግን ግፊቱም ሁለት ነው። ፒክ የሚባለው አየሩ በቱቦው ሲያልፍ የሚገጥመውን እንቅፋትም ይጨምራል። አየሩ ገብቶ ሲያልቅ ማሽኑን ለአፍታ አስይዘን ስናየው ደግሞ ፕላቶ ይባላል። ይህኛው የሳንባው የራሱ ነው፤ ከ30 እንዲያልፍ አንፈልግም። እማማ የሚያስተኛ መድኃኒት ላይ ስለነበሩ በራሳቸው አይስቡም፤ ልኬቱ የሚታመን ነበር። ያዝነው። 34።

በፒክና በፕላቶ መሃል ያለው ልዩነት 4 ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው ደህና ነው፤ የተጨነቀው ሳንባው ነው።

500 ከየት መጣ? ክብደታቸው 82 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ 492። አየሽ፣ አልኳት፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግም። የሳንባ ስፋት ቁመትን ነው የሚከተለው። ሜትር አምጥተን ከራስ እስከ ተረከዝ ለካናቸው። 155 ሴንቲ ሜትር። ከቁመት ለሚሰላው ክብደት የሴት መነሻው 45.5 ኪሎ ነው፤ ከ152.4 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.91 ይጨመራል። 48 ኪሎ ገደማ መጣ። በ6 ስናባዛው 290 እንኳ አይሞላም።

ይህች 6 ዝም ብላ የመጣች ቁጥር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካኖቹ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ በተጎዳ 861 ሕሙማን ላይ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትርን ከ6 ጋር አወዳደረ። በ12ቱ ከ100 ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ በ6ቱ 31። እኔ ይህን ቁጥር ካወቅኩ ወዲህ ያለ ሜትር ወደ አልጋ አልቀርብም።

ተረኛውን ሐኪም ጠራነው። መጠኑን ወደ 290 አወረደው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዳይጠራቀም ደግሞ የትንፋሹን ቁጥር ከ14 ወደ 24 ከፍ አደረገ። በደቂቃ የሚገባው አየር ያው 7 ሊትር ገደማ ነው፤ በትንሽ በትንሹ ሆነ እንጂ። ሲጣደፍ አየሩ ሳይወጣ ሌላው እንዳይደርብበት በማሽኑ ስክሪን ላይ የአየሩን መውጫ መስመር ዜሮ እስኪነካ ቆመን አየን። ፕላቶው 24 ላይ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ሌሊት አላርሙ እንደገና ጮኸ። ፒኩ 42። ከሌላ አልጋ እየሮጥኩ ስደርስ ልጅቷ ማስያዣውን ተጭና ጨርሳለች።

"ሲስተር፣ ፕላቶው 24 ነው" አለችኝ። "ሳንባቸው አይደለም፤ ቱቦው ነው።"

አክታ መምጠጫውን አዘጋጅታ ነበር። የወጣው ወፍራም ነው። ፒኩ ወደ 28 ተመለሰ።