ሁለት ቀን በጃሪያ፣ በሚነደው መሬት ላይ

ባቡሩ ወደ ጃሪያ መሄጃዬ የሆነችው የሕንድ ከተማ ዳንባድ የገባው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ነው። ከኮልካታ ማልዶ ይነሳል፤ ስሙም ብላክ ዳይመንድ ኤክስፕረስ ነው። ጥቁር አልማዝ ማለት ነው፤ የድንጋይ ከሰሉን ነው እንዲህ የሚያሞካሹት። የጥር ጉም ሐዲዱን ሸፍኖት ስለነበር የትም ሜዳ ላይ እየቆምን ነው የመጣነው።

ሻይ ሁለት ጊዜ ጠጣሁ። በትንሽዬ የሸክላ ስኒ ነው የሚሰጡት። ሰዉ ጠጥቶ ሲጨርስ ስኒውን በመስኮት ይወረውረዋል። እኔ አልቻልኩም። አያቴ ጀበናዋ የተሰበረ ቀን እንዴት እንዳዘነች አይቻለሁ። ሁለቱንም ስኒዎች ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

ጣቢያው በር ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሕንዶች ኦቶ ነው የሚሉት። ሾፌሩ 400 ሩፒ አለኝ፤ ደክሞኝ ስለነበር ሳልከራከር ከፈልኩ። ዋጋው 150 መሆኑን በማግስቱ ስሰማ አንጀቴ አረረ። አዲስ አበባ ብሆን 10 ብር የጨመረብኝን የታክሲ ረዳት ሳልሟገት አልወርድም።

የባሰው ግን ማደሪያው ነበር። ሁለት ሆቴሎች ፓስፖርቴን ሲያዩ መለሱኝ። የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሆቴል ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ትንንሾቹ ይህን ጣጣ አይፈልጉም። ሦስተኛው ተቀበለኝ። ብርድ ልብሱ እንደ ነጠላ የሳሳ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሰል የጫነ ባቡር ባለፈ ቁጥር አልጋው ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ታጥቤ ፊቴን ስጠርግ ነጩ ፎጣ ጠቆረ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ከአባቷ ጋር መጣች። ኮልካታ አብራኝ የምትማር የዳንባድ ልጅ ናት። አባቷ ከ30 ዓመት በላይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንክል ጂ ነው የምላቸው፤ በአክብሮት አጎቴ እንደማለት ነው። ወደ ጃሪያ ስንሄድ መንገድ ላይ ቻስናላ ስለሚባለው የከሰል ጉድጓድ አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1975 ከጉድጓዱ በላይ ታቁሮ የነበረ ውሃ ጥሶ ገብቶ ከ370 በላይ ሠራተኞች አለቁ። አንክል ጂ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ እሳቸውም ጉድጓድ ገቡ። «ሌላ ሥራ አልነበረም» አሉ፤ ከዚያ ብዙ አልተናገሩም።

ጃሪያ ለብረት ማቅለጫ የሚሆነው የሕንድ ምርጥ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ምድር ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በእንግሊዞች ዘመን ነው። የያኔዎቹ ባለቤቶች ከሰሉን ያወጡና ጉድጓዱን በወጉ ሳይሞሉ ይተዉት ነበር። የቀረው ከሰል አየር ሲያገኝ በራሱ ይሞቃል፤ ሲብስ ይቀጣጠላል። የመጀመሪያው እሳት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ አሁንም ይነዳል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጉድጓዶቹን ወረሰ፤ ዛሬ አብዛኛው ቁፋሮ ዋሻ ውስጥ ሳይሆን መሬቱን ከላይ እየከፈቱ ነው። አንክል ጂ ይህን አይወዱትም። መሬቱ በተከፈተ ቁጥር እሳቱ ይተነፍሳል ይላሉ።

የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስንቆም ታች ያሉት ገልባጭ መኪኖች የልጅ መጫወቻ ያህላሉ። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው። ከሰዓት በኋላ ድማሚት ሲፈነዳ እግሬ ሥር ያለው መሬት ተንቀጠቀጠ። አጠገባችን ክሪኬት የሚጫወቱ ልጆች ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

እዚያው አፋፍ ላይ ያሉ አንዲት እናት ቤታቸው አስገቡን። «ቤቲ» አሉኝ። በሂንዲ ልጄ ማለት ነው። አገር ቤት ቤቲ የምትባል እህት አለችኝና ስሟን የሰማሁ መሰለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የቤታቸው ወለል ይሞቃል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን በጭቃና በጨርቅ ወትፈውታል። መዳፌን ጠጋ ሳደርግ ምጣድ ፊት እንደቆምኩ ወላፈኑ መታኝ። በር ላይ ውሻቸው ጭስ ከሚተነፍሰው ስንጥቅ አጠገብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ብርድ ነው፤ ሞቆታል።

ሻይና የሩዝ ፈንዲሻ አቀረቡልን። ገንዘብ ልሰጣቸው ስል እጄን ገፉት።

ከሚነደው መሬት ለሚነሱ ሰዎች ቤልጋሪያ የሚባል ሰፈር ተሠርቷል። ለምን አይሄዱም ብዬ ጠየቅኋቸው። «እዚያ ምን ሠርቼ እበላለሁ?» አሉኝ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከጉድጓዱ ዳር በለቀሙት ከሰል ነው። በጥያቄዬ አፈርኩ። ከመሃል አዲስ አበባ ተነስተው ዳር አገር ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ጎረቤቶቻችን «ቤቱስ ደህና ነው፣ ጉሊቱ የት አለ?» ሲሉ ሰምቼ ነበር። ያኔም በደንብ አልገባኝም።

የዚያን ቀን እነ ጓደኛዬ ቤት አደርኩ፤ ሞቅ ብሎኝ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ብስክሌቶቹን አየሁ። የሚገፉ እንጂ የሚነዱ አይደሉም። ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም በከሰል የተሞላ ጆንያ ታስሮባቸዋል፤ 200 ኪሎና ከዚያ በላይ ይጭናሉ። ብዙ መንገድ ተጉዘው ለሻይ ቤትና ለየቤቱ ነው የሚሸጡት። አንዱ ሰውዬ ዳገቱ መሃል ላይ ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልሆነለትም። ሄጄ ከኋላ ገፋሁ። ጓደኛዬም መጣች። ሦስት ሆነን እንኳ እያንዳንዷ እርምጃ ትንፋሽ ታሳጥራለች። ሰውዬው ይህን ሁሉ ዳገት ብቻውን ነው የሚወጣው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ አንገቱ ላይ በጣላት ጨርቅ ላቡን ጠረገ። ከየት ነሽ አለኝ፤ ነገርኩት። አገሬም ሴቶች ከእንጦጦ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል እንደሚወርዱ ስነግረው ጓደኛዬ ተረጎመችልኝ። ገና በልጅነቴ ትምህርት ቤት ስሄድ በየቀኑ መንገድ ላይ አገኛቸው ነበር፤ አጎንብሰው ስለሚሄዱ ፊታቸው አይታይም።

ሰውዬው በጥሞና ሰማና አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ስንት ኪሎ ይሸከማሉ?»

አላውቅም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ፣ ብስክሌቱን ወደኋላ እየሳበ ቁልቁለቱን ጀመረ።