ስፒከሩ ላይ የተጻፈው ዋት

ደንበኛው አምፑን፣ የጊታር ድምፅ ማጉያቸውን፣ ተሸክመው ሲመጡ ችግሩን ራሳቸው ደምድመውት ነበር። «ቲዩቦቹ ደክመዋል፣ ቀይሩልኝ» አሉ፤ ድምፁን የሚያጎሉትን የመስታወት ቱቦዎች ማለታቸው ነው።

አምፑ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው። 22 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ አምፕ የለም። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጫወቱበት ነው። የፋብሪካው ስፒከር ኮኑ፣ ማለትም እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት፣ ሲቀደድባቸው ሌላ ቦታ ወስደው አስቀየሩት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ታፍኖ ቀረ። ከከበሮ ጋር ሲጫወቱ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ቢከፍቱትም ጊታራቸው አይሰማም። ቲዩብ አስቀየሩ፣ ለውጥ የለም። ደግመው አስቀየሩ፣ ያው ነው። አሁን ለሌላ ዙር መምጣታቸው ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጎበዝ ነው። ቲዩቦቹን ለካቸው፣ ደህና ናቸው። የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተሮችም፣ ኤሌክትሪኩን አጠራቅመው የሚያረጋጉትን፣ አየ፤ በእንዲህ ዓይነት አሮጌ አምፕ እነሱ ሲደርቁ ሃም የሚባለውን የማያቋርጥ ጉምጉምታ ያመጣሉ፣ ቤዙንም ያላሉታል፣ ሰው ግን ስፒከሩን ይጠረጥራል። እነሱም ተቀይረዋል፣ ምንም አይላቸውም። ከቲዩቦቹ የሚወጣውን ለስፒከሩ ወደሚያቀብለው ትራንስፎርመር ሊያልፍ ሲል «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ስፒከሩን እንየው» አልኩት።

ጀርባው ላይ በትልቁ 200 ዋት ይላል። ከሥሩ 8 ኦም፣ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን። ማግኔቱ በጣም ከባድ ስለሆነ ስፒከሩ የታሰረበት ጣውላ ብሎኖቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ጀምሯል።

«ይሄ 200 ዋት ነው፣ ጉልበት አለው ብለውኝ ነው ያስገባሁት» አሉ ሰውየው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት ሳይቃጠል ስንት መሸከም እንደሚችል ነው የሚናገረው። ምን ያህል እንደሚጮህ አይናገርም። ጩኸቱን የሚነግረን ሌላ ቁጥር ነው፣ በዴሲቤል የሚጻፈው፤ 1 ዋት ሰጥተነው 1 ሜትር ርቀን ስንለካ የምናገኘው ማለት ነው። የጊታር ስፒከሮች አብዛኞቹ ከ97 እስከ 100 አካባቢ ናቸው። ይሄኛው ለቤዝ የተሠራ፣ ኮኑ ወፍራምና ከባድ ነው፣ መረጃውን ፈልገን ስናየው 94 ይላል። ከ100 የጎደለው 6 ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል፣ ግን በየ3 ዴሲቤሉ የሚያስፈልገው ዋት እጥፍ ይሆናል። 100 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በ22 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ከዚህኛው ለማግኘት 88 ዋት ያስፈልጋል። ምስኪን ዴሉክስ ከየት ያመጣል? ቲዩብ ሺ ጊዜ ቢቀየር ያንን አያመጣም።

ኦሙ ትክክል ስለነበር ደግሞ ማንም አልጠረጠረውም። በቴስተር ስንለካው ስድስት ተኩል ገደማ አሳየ። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር 8 አያሳይም፣ ከ6 እስከ 7 ካለ ጤነኛ ነው። በቲዩብ አምፕ ኦም የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ትራንስፎርመሩ የተሠራው ለአንድ የታወቀ ኦም ነውና። ዴሉክስ ሪቨርብ 8 ይፈልጋል፣ ሌሎቹ የፌንደር አምፖች ደግሞ፣ ትዊን ሪቨርብ በሁለት ስፒከር 4፣ ሱፐር ሪቨርብ በአራት ስፒከር 2። የሱፐር አንዱ ስፒከር ቢቃጠል ታዲያ የሚገዛው ባለ 8 ነው፣ ምክንያቱም አራት ባለ 8 በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ሲታሰሩ ነው 2 የሚሆኑት። ስፒከር በምንቀያይርበት ጊዜ ደግሞ አምፑን ያለ ስፒከር አብርቶ መጫወት የለም፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

«የድሮው የት አለ?» አልኳቸው።

«ቤት አለ፣ መጣል አሳዝኖኝ አስቀመጥኩት።»

በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሲያመጡት የብረቱን ጠርዝ በጨርቅ ጠረግነው፣ 465627 የሚል ቁጥር ወጣ። 465 ኦክስፎርድ የተባለው ስፒከር ሠሪ ነው፤ ጄንሰን ቢሆን 220 ይል ነበር። ቀጥሎ ያለው 6 የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ ነው፣ 27 ደግሞ ሳምንቱ። 6 ብቻውን 1956 ይሁን 1966 አይለይም፣ ግን ዴሉክስ ሪቨርብ ከ1963 በፊት ስላልነበረ ነገሩ ግልጽ ነው። አምፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ስፒከር ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ነገር በምንም ተአምር አይጣልም! ኮኑን አዲስ አድርጎ ብረቱንና ማግኔቱን ማትረፍ ይቻላል። ያንን ለባለሙያው ሰጠን፣ ለጊዜው ግን የሚጫወቱበት ያስፈልጋቸዋል።

ልጁ ሰማያዊውን የሴሌስቺን ስፒከር፣ ቮክስ ኤሲ30 በተባለው አምፕ ውስጥ የሚታወቀውን፣ እናስገባላቸው አለ። ድምፁ እውነትም ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን የሚሸከመው 15 ዋት ነው፤ ኤሲ30 ውስጥ ሁለት ሆነው ነው 30 የሚሸከሙት። ዴሉክሱ ቮልዩሙ ሲከፈትና ድምፁ መሰባበር ሲጀምር ከ22ም አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚህ አንድ ሰማያዊ ብቻውን አይችለውም። ባለ 50 ዋቱን ጄንሰን ሲ12ኤን እና ባለ 50 ዋቱን ሴሌስቺን ጎልድ ያዝን። የመጀመሪያው ማግኔቱ ሴራሚክ ነው፣ ሁለተኛው አልኒኮ፣ ማለትም አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት የተቀላቀለበት።

ስናሰማቸው አንድ ነገር ላይ ድርቅ አልኩ። ጎልዱ ሲገባ አምፑ ይበልጥ ይጮሃል፣ የሚጮኸው ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ የስልክ ድምፅ መለኪያ አንድ ቦታ አስቀምጠን፣ ሁለቱም እኩል እስኪሆኑ ድረስ ቮልዩሙን አስተካከልን። ጆሯቸውንም ስፒከሩ ፊት አልደገኑም። 12 ኢንች ስፒከር ስሉን ድምፅ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚወረውረው፣ መድረክ ላይ ግን አምፑ ከኋላቸው ወለል ላይ ነው የሚሆነው፤ እዚያው በለመዱት ርቀት ቆመው፣ በራሳቸው ጊታር፣ የለመዱትን ዜማ ተጫወቱ።

ጎልዱን መረጡ። «በቀስታ ስነካው ይሰማኛል፣ ጠንከር ሳደርገው ደግሞ አይጮህብኝም» አሉ። አዲስ ስፒከር ኮኑ ድርቅ ያለ ስለሆነ የተወሰነ ጊዜ ሳይጫወቱበት እንዳይፈርዱ ነገርናቸው። የተሰነጠቀውን ጣውላም ከጀርባው አጠናክረንላቸዋል።

ልጁ አሁንም ጄንሰኑ ይሻል ነበር ባይ ነው። እሳቸው የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ድምፅ ስለሆነ ጄንሰኑ ቤዙን ጠበቅ አድርጎ ይይዝላቸው ነበር ይላል፣ መከራከሪያውም ውሃ ያነሳል። ኦክስፎርዱ ኮኑ ተሠርቶ ሲመለስ ሦስቱን አንድ ላይ እናሰማቸዋለን ተባብለናል።