አሸዋው ውስጥ ከመግባት በፊት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይሆን ሆዴ ባባ። ሚያዝያ ሲገባ ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያደርገኛል፤ ሙቀቱ ሳይበርድ ደመናው ደንገጎ ጋራ ላይ ተከምሮ ይውላል፣ ቤቱ ይጨንቃል፣ ሰው ማናገርም አያሰኝም። በሞተር ብስክሌት ወደ ኦሞ ሸለቆ ላደርገው ላሰብኩት ጉዞ የማሰናዳውን ዕቃ ላስተካክል ብዬ ሳጥኖቹን ከፈትኩ፤ የጎማ መንፊያዋን በእጄ ስይዝ ግን ሐሳቤ ወደ አሸዋው ሄደ፣ ዕቃውም እንደተዘረገፈ ቀረ።

ጋሽ ት. ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ከአስፋልት ውጭ መንዳት ያስተምሩኛል። ዓመታት አስፋልት ላይ የነዳ ሰው አሸዋ ውስጥ ሲገባ፣ አካሉ የሚያዝዘው ነገር ሁሉ የሚጎዳው ሆኖ ያገኘዋል። የፊት ጎማው ግራና ቀኝ መዋለል ሲጀምር እጅ መሪውን ጨምድዶ ይይዛል፣ እግር መሬት ለመርገጥ ይዘረጋል፣ ጣት ወደ ፊት ፍሬኑ ይሄዳል፤ ሦስቱም ይጥላሉ። የፊት ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣና ጎማው አሸዋውን እየቆፈረ ይሰምጣል፣ ከጭነቱ ጋር ከ200 ኪሎ የሚበልጠው ሞተርም በጎኑ ይተኛል። እሳቸው የሚያስተምሩት መርገጫው ላይ ተነሥቶ መቆምን፣ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) በጉልበት መያዝን፣ ክብደትን ጥቂት ወደ ኋላ ማድረግን፣ መሪውን ላላ አድርጎ የፊት ጎማው መንገዱን እንዲፈልግ መተውን፣ ዓይንንም ጎማው ሥር ሳይሆን መድረስ የሚፈልጉበት ዳር ላይ መትከልን ነው። ዓይን የተተከለበት ቦታ ሞተሩ ይሄዳልና፣ ድንጋዩን እያዩ ድንጋዩን ማምለጥ አይቻልም።

የጎማው ነገር ብቻውን አንድ ትምህርት ይወጣዋል። አስፋልት ላይ ከ30 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) በላይ የነበረው ነፋስ ወደ 20 ገደማ ሲወርድ ጎማው ይዘረጋል፣ አሸዋውን ሳይሰነጥቅ ከላዩ ይሄዳል። ነገር ግን ይኸው የላላ ጎማ ድንጋያማ ኮረኮንች ላይ ቸርኬውን ያስመታል፣ ካላማዳሪውንም (የውስጡን ጎማ) ቆንጥጦ ይበሳል፤ እንደላላ አስፋልት ላይ በፍጥነት ከተነዳ ደግሞ ይግላል፣ ኩርባ ላይም አይታመንም። ስለዚህ መንፊያ ያልያዘ ሰው ነፋስ የማስወጣት መብት የለውም ይላሉ ጋሽ ት.፣ እኔም እስማማለሁ። የኋላ ጎማ ሲቀበርም ነዳጅ መጨመር ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር ምንም አይፈይድም። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ፣ በጎኑ አስተኝቶ ጉድጓዱን በአሸዋ መሙላት፣ ከዚያ ለማንሳት ጀርባን ለኮርቻው ሰጥቶ በወገብ ሳይሆን በእግር ጉልበት መነሣት፤ ይህን ሁሉ በቀትር ሙቀት መለማመድ አድካሚ ነው፣ ነገር ግን ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከፍጥነት ሁሉ የሚበልጥ ችሎታ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ዛሬ መንፊያዋን ይዤ ሳስብ የያዘኝ ነገር ሌላ ነበር። አሸዋ ላይ የተማርኩት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ አለማመንታት። ከገቡ በኋላ ነዳጁን ሳይቀንሱ፣ ሳይቆሙ፣ ወዲያና ወዲህ ሳይሉ መውጣት ነው። መካከል ላይ የተጠራጠረ ይወድቃል። እንግዲያውስ ጥርጣሬ ሁሉ ዳር ላይ ማለቅ አለበት ማለት ነው፣ ሞተሩን አቁሞ፣ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ጆሮን ከፍቶ። ጣቴ የፊት ፍሬን እንዳይዝ ከሳምንት ሳምንት ሲሠለጥን፣ ይህን የዳሩን ውሳኔ ግን እንደዚያ ደጋግሜ አልተለማመድኩትም።

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ይገባዋል። የከተማውን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃ ያነጥፍበታል፣ ሰው ወዲያ ማዶ ለመሻገር ድልድይ አይፈልግም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከዳርቻው ወጥቶ በደቡብ ኦሞ ዳሰነች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከነከብቶቻቸው አጠፋ። እናቴ እስከ ዛሬ ደንገጎ ላይ ደመና ካደረ እንቅልፍ የላትም፤ እኛ ልጆቿ ስንናገራት ደግሞ «ውሃው የሚመጣው ከማታዩት ቦታ ነው» ትላለች። ደራሽ ውሃ እንዲህ ነው፤ ከላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ከእግር በታች ያለው አሸዋ ይሞላል።

ውሃ ያለበት ወንዝ እንኳ በዚህ በኩል ይሻላል እላለሁ፣ ቢያንስ ይታያል። በእግር ሊሻገሩት ያልቻሉትን ወንዝ በሞተር መሻገር አይቻልም የሚለው ሕግ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ በእግር ገብቶ ጥልቀቱንና የሥሩን ድንጋይ መፈተሽ፣ የሚወርደው ውሃ ጉልበት ድረስ ከደረሰ ወይም ሥሩን መርገጥ ከከበደ መተው። ውሃው በድንገት ከደፈረሰና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ደግሞ ዕቃ ሳያነሡ ወደ ከፍታ መውጣት። ደረቁ ወንዝ ግን ምንም አይናገርም። አሸዋው ላይ የከብት ዱካ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ማዶው ቅርብ ነው፣ አካልም አለማመንታትን ስለተማረ ወዲያው ይነሣሣል። በችሎታ መተማመን አደጋ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ያልሠለጠነ ሰው አሸዋውን ፈርቶ ይቆማል፣ የሠለጠነው ግን የሚያቆመው ነገር የለውም።

ለዚህ ነው ጋሽ ት.ን በሚቀጥለው ጊዜ ዳር ላይ ብቻ የምንቆምበት ትምህርት እንዲሰጡኝ ልለምናቸው ያሰብኩት። አንነዳም። የዱካውን ዕድሜ እናያለን፣ ዳርና ዳር ባለው ግራር ላይ ያለፈው ጎርፍ የሰቀለውን ጭራሮ ከፍታ እንለካለን፣ አሸዋ ለመጫን የሚመጡትን ሠራተኞች ላይ ላዩ ዘንቦ እንደሆነ እንጠይቃለን። እነዚያ ሰዎች በየቀኑ እዚያው ወንዝ ውስጥ ይውላሉና፣ ከእኔም ከአሠልጣኜም ይልቅ ያውቁታል። ግመል ነጂዎቹም እንዲሁ፤ እነሱ ገልመጥ ብለው ጋራውን ሳያዩ አይሻገሩም።

እዚህስ ይሁን፤ ሰው አለ፣ ቋንቋውም የእኔ ነው። የጉዞው ግማሽ ግን ከኮንሶ በታች ነው፣ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ፣ እንደ ካስኬ ያሉ የአሸዋ ወንዞች ባሉበት፣ ዝናቡም እኔ በማላውቀው ጋራ ላይ በሚዘንብበት አገር። እዚያ ዳር ላይ ስደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆን፣ ነዳጄ ቢያንስ፣ ቀኑ ቢመሽ፣ የምጠይቀው እረኛ ደግሞ ባይኖር፣ ስንት ሰዓት ብቆም ነው በቂ የሚሆነው?