የሌለው ሠንጠረዥ 3፦ ኩረጃን ከክፍሌ ለማስወጣት ያየሁት

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የ58 ተማሪ አሳይንመንት አርማለሁ። አስራ አንደኛው ወረቀት ላይ «ሠንጠረዥ 3 ላይ እንደተመለከተው» የሚል አገኘሁ። ሠንጠረዥ 3 ግን የለም። ረስታው ይሆናል ብዬ አለፍኩ። አስራ ዘጠነኛው ላይ ያው ዓረፍተ ነገር መጣ። ሠንጠረዥ 3 አሁንም የለም። ተመልሼ ሁሉንም ገለጥኩ። 14 ወረቀት አንድ የሌለ ሠንጠረዥ ይጠቅሳል። አንዱ ላይ እንዲያውም ግርጌው ላይ የሌላ ልጅ ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርኩት፣ ተመርቆ የወጣ ልጅ።

የማስተምረው ስታትስቲክስ ነው። ግቢያችን ከአራት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው። ያን ማታ በጣም ተናድጄ ነበር። ለ14ቱም ዜሮ ሰጠሁ፤ ከዚያ ፈተናውን ማጥበቅ ጀመርኩ።

ሚዱን በአራት ኮድ አዘጋጀሁ። ስልክ በር ላይ ሰበሰብኩ። አሮጌውን ስልክ አስረክበው አዲሱን ይዘው የሚገቡ ነበሩ። አንድ ልጅ የካልኩሌተሩ ክዳን ውስጥ ቀመሮችን በእርሳስ ጽፎ አገኘሁበት። ፊደሉ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም፤ ብርሃን ላይ ካላዘነበልከው አይታይም። ያን አጤሬራ ለመጻፍ የፈጀበት ጊዜ ቀመሮቹን ለማጥናት ይበቃው ነበር። ስይዘው ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ያ ደስታ የመምህር ደስታ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነበር። የ2014ቱ አገር አቀፍ ፈተና ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል፣ ጥቅምት 2015 ላይ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጥበቃው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ዛሬም። ግን ጥበቃው የተደበቀውን አወጣው እንጂ ያልተማረውን ልጅ አላስተማረውም። የኔም ክፍል ላይ የሆነው እሱ ነው። ሚዱ ላይ ኩረጃው ቀነሰ፣ ውጤቱም አብሮ ወረደ። ቀጣዩ አሳይንመንት ግን ያው ኮፒ ፔስት።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የሆነ ነገር ፕሪንት ላደርግ ገባሁ። ልጁ መምህር መሆኔን አላወቀም። «አሳይንመንት ነው? ያለቀለትም አለን» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የኔ ኮርስ ስም ያለበት ፎልደር አየሁ። ክፈተው አልኩት። የአራት ዓመት ጥያቄዎቼ በተርታ ተቀምጠዋል፣ ከነመልሳቸው። ጥያቄዎቹ በየዓመቱ አንድ ናቸው። አንድ ቁጥር እንኳ አልቀየርኩም። ለአራት ዓመት ያንኑ ጥያቄ እየሰጠሁ፣ ልጆቹ አዲስ መልስ እንዲያመጡልኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ልጁን ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልታዘዘኝም።

በቀጣዩ ሴሚስተር አሳይንመንቱን ጣልኩት። በምትኩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቦታና ሰዓት ሰጠሁ። አንዷ አራት ኪሎ የመገናኛ ታክሲ መያዣ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ሌላው ስድስት ኪሎ የሽሮ ሜዳው። 30 ደቂቃ ቁሙ፣ በየደቂቃው ስንት ሚኒባስ እንደመጣ መዝግቡ። የሁሉም ዳታ የተለያየ ነው፤ ፎልደር ውስጥ ሊኖር አይችልም።

በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ ልጆች ዶርም ተኝተው ሞሉት። እንዴት አወቅኩ? የነሱ ቁጥር ያምር ነበር፤ 1፣ 2፣ 1፣ 3፣ 2፣ 1። አንድም ዜሮ የለበትም። አራት ኪሎ ታክሲ የጠበቀ ሰው እውነቱን ያውቀዋል። ስምንት ደቂቃ ምንም አይመጣም፣ ከዚያ አራቱ ተከታትለው ይደርሳሉ። የእውነተኛው ዳታ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 4 ይላል። ሰው ከጭንቅላቱ ቁጥር ሲፈጥር መደጋገምን ይፈራል፣ ያስተካክላል። ሁለቱን ዝርዝር ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «የቱ ነው ዶርም የተሠራው?» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም አወቀው። ስለ ዘፈቀደነት በዓመታት ውስጥ ካስተማርኩት ሁሉ የገባቸው የዚያን ቀኑ ነው። ዘጠኙን ልጆች በስም አልጠራኋቸውም፤ ሄደው እንዲቆጥሩ አንድ ሳምንት ሰጠኋቸው።

ከዚያ ከእያንዳንዳቸው ጋር አምስት አምስት ደቂቃ ማውራት ጀመርኩ። ለ58 ልጅ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ በሁለት ቀን ከፈልኩት። ጥያቄዬ ቀላል ነው። «7ኛው ደቂቃ ላይ ዜሮ ነው፣ ምን ሆኖ ነበር?» አንዱ «ቲቸር፣ ትራፊክ አንዱን ይዞት መንገዱ ተዘግቶ ነበር» አለኝ። ሌላዋ ተራ አስከባሪው ከትራንስፖርት ቢሮ የተላከች መስሎት እንዳፋጠጣት ነገረችኝ። ሰው ያስቆጠረ ልጅ እዚህ ጋ ዝም ይላል። መጮህም፣ ማስፈራራትም አላስፈለገኝም።

አሁን የምጽፈው እስከዛሬ የሚከብደኝን ነው። ቻትጂፒቲ ከመጣ በኋላ፣ ጽሑፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠራቱን ይለያል የተባለ ሶፍትዌር መጠቀም ጀምሬ ነበር። የአንዲት ልጅ ሁለት ገጽ ላይ 87 በመቶ አለኝ። ቢሮ ጠራኋት።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ ቲቸር።»

«ሶፍትዌሩ እንደዚያ አይልም።»

ምንም አላለችም። ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጽሑፉን መጀመሪያ በአማርኛ ነው የጻፈችው። ከያንዳንዱ መስመር በላይ እንግሊዝኛው በቀይ እስክሪብቶ አለ። ኅዳጉ ላይ ከመዝገበ ቃላት የወጡ ቃላት። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዛ አራተኛውን መርጣለች፤ እኔ ዘንድ የደረሰው አራተኛው ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። ደብተሯን መልሳ እየከተተች «ቲቸር፣ ዛሬ ደብተሩን ባልይዘው ኖሮስ?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

በኋላ ሳነብ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡትን ጥናት አገኘሁ። ሰባት እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮችን እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና፣ በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ፈትነዋል። ሶፍትዌሮቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን ድርሰት ማሽን የጻፈው ነው ብለዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ የለቀቀውን እንዲህ ያለ መለያ ሶፍትዌር በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አንስቶታል። የኛ ልጆች የሚጽፉት በተማሩት እንግሊዝኛ ነው። ቃላቸው የተመጠነ፣ ዓረፍተ ነገራቸው አጭር ነው። ሶፍትዌሩ የሚጠረጥረውም ይሄንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በሶፍትዌር ቁጥር ማንንም አልከስም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ክፍል ውስጥ በእጃቸው ይጽፋሉ፣ እሱ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ቻትጂፒቲን ለምን እንደተጠቀሙበት መጨረሻ ላይ ከጻፉልኝ አልቆጣም። ጥርጣሬ ሲገባኝ ረቂቁን አውጥቼ ልጁን አነጋግረዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ዋጋ አለው። ኤ ያገኘው ቁጥር ቀንሷል፣ የተማሪዎች ግምገማዬም ለአንድ ሴሚስተር ወርዷል። እኔ የማከብራቸው አንድ አንጋፋ መምህር «ልጆቹን አታስጨንቃቸው እንጂ» ብለውኛል። «ጋሼ፣ መውጫ ፈተናው ይጠብቃቸዋል» አልኳቸው። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ካላመጣ አይመረቅም። ያን ቀን ከጎን የሚቀዳለት ሰው የለውም። ሁለተኛ ዓመት ላይ እኔ ፊት ቢጨነቅ ይሻለዋል።

ያልፈታሁት የግሩፕ ሥራውን ነው። አምስት ልጅ ስሙን ያስመዘግባል፣ ሁለቱ ይሠራሉ። የሚሠሩት ደግሞ ጓደኛቸውን አሳልፈው መስጠት አይሆንላቸውም፤ እኔም እንዲሰጡ አልጠይቃቸውም። በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዱን ልጅ ጓደኛው ስለሠራው ክፍል ልጠይቀው አስቤያለሁ። የመጀመሪያው ግሩፕ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢሮዬ ይመጣል።